ጨቅላ ሕፃን በመርፌ ሲወጋ ሕመሙን ለማቅለል ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ — የመጀመሪያ ልጅ እናት፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ከወለድሁ አሥራ ስምንት ቀን ሆነኝ። ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ዓይኗና ቆዳዋ ቢጫ መስሎ ስለታየን እዚሁ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ወሰድናት። የደም ናሙና ለመውሰድ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ፣ በማግሥቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተረከዟን ተወጋች። እኔ ከመጋረጃው ውጭ እንድቆይ ስለተነገረኝ ለቅሶዋን እየሰማሁ ጠበቅሁ፤ ሲመልሱልኝ ሳግ ይዟት ነበር። ባለሙያዋን ብጠይቃት «ጨቅላ ናት፣ አይሰማትም፤ ቢሰማትም ወዲያው ትረሳዋለች» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ተረኛዋ እሷ ብቻ ስለነበረች ወረፋው በዝቶባት ነበር። የልጄ ድምፅ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን የስድስተኛው ሳምንት ክትባት እየቀረበ ነው፤ በሁለቱም ጭኖቿ ትወጋለች ተብያለሁ። አማቴ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አልሺያት ይሉኛል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳይቀምሳት አስጠንቅቃኛለች። የትኛውን ልስማ? እኔስ እንደ እናት ምን ብዬ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ — በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ፣ ባሕር ዳር

እንኳን ማርያም ማረችዎት። ከሁሉ በፊት በግልጽ ልናገር፦ ልጅዎ ሕመሙ ተሰምቷታል።

«አይሰማትም» የሚለው ቃል ከዚያች ተረኛ የመነጨ አይደለም። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ሆስፒታሎች እንኳ ጨቅላዎች፣ በተለይም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት፣ ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ተሰጥቷቸው በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ጊዜ ነበር፤ ነርቫቸው ገና ስላልበሰለ ሕመም አያውቁም ይባል ነበርና። በ1987 እ.ኤ.አ. ካንዋልጂት አናንድ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የተጨመረላቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሰውነታቸው በጭንቀት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች እንደቀነሱ፣ ከዚያም በኋላ የገጠማቸው ችግር እንዳነሰ አሳዩ። እንዲያውም ከአንጎል ወደ ታች እየወረደ ሕመምን የሚያለዝበው የነርቭ መስመር በጨቅላ ላይ ገና ስላልጠነከረ ሕመሙ ይበልጥ ሊሰማው ይችላል።

«ትረሳዋለች» የሚለውም ቢሆን አይጸናም። ካናዳ ውስጥ ተካሂዶ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ልጆች በአራት ወይም በስድስት ወራቸው ሲከተቡ ካልተገረዙት ይልቅ ረዥም ጊዜ አልቅሰዋል። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀኑ በሚገረዝበት በእኛ አገር ይህ ራሱን ችሎ ሊያነጋግረን የሚገባ ጉዳይ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት በእጅዎ ነው፤ እርሱም ጡትዎ ነው። መርፌው ከመምጣቱ ጥቂት ደቂቃዎች አስቀድመው ያጥቧት፤ በደንብ ይዛ መሳብ ስትጀምር ባለሙያዋ ትውጋት፣ ሲወጓትም ሆነ ከተወጋች በኋላ አይንጠቋት። ትታነቃለች የሚል ስጋት ይነሣል፤ በጥናቶቹ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም። መጥባቱ፣ ጣዕሙ፣ ጠረንዎ፣ ሙቀትዎ ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ። ጡት መስጠት በማይመችበት ጊዜ ደግሞ ልብሷን አውልቀው ከደረትዎ ጋር ቆዳ ለቆዳ ያቅፏት፤ ከመርፌው በፊት ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢያገኙ መልካም ነው። ሲያቅፏት እጆቿንና እግሮቿን ወደ ሆዷ ሰብስበው ይያዙላት። ነጠላ ቢደርቡባት አይከፋም፤ በባሕር ዳር ሙቀት ግን በጋቢ መጠቅለል ያፍናታል።

ስኳርን በተመለከተ አማችዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። በሆስፒታሎች 24 በመቶ ስኳር ያለበት ብጥብጥ ከመርፌው ሁለት ደቂቃ ያህል በፊት በጥቂት ጠብታ ምላስ ላይ ይሰጣል፤ ጣፋጩ ጣዕም ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንዲያመነጭ ያደርጋል ተብሎ ይታሰባል። በቱቦ በቀጥታ ወደ ሆድ ሲገባ አይሠራም፤ ሥራው የምላስ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በ2010 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ፊታቸው የተረጋጋው ሕፃናት አንጎላቸው ለሕመሙ የሚሰጠው ምላሽ እንዳልቀነሰ ስላሳየ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ከዚህም ሌላ፣ ያ በባለሙያ እጅ ለአንድ መርፌ ብቻ የሚሰጥ ነው። ቤት ውስጥ የሚበጠበጠው መጠኑም የውኃው ንጽሕናም አይታወቅም፤ ዛሬ ለመርፌ የተጀመረው ነገ ለለቅሶ ሁሉ ይሆንና ጡቱን ያስተዋታል። ጡትዎ እያለ አያስፈልግዎትምና የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይስሙ።

መልስ — የመንታ አባት፣ ዘጌ

እህቴ፣ መንታ ልጆቻችን ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ጊዜ ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ወልዳ መነሣት ስላልቻለች አንዱን ልጅ በደረቴ ላይ አድርጌ የሰነበትሁት እኔ ነበርሁ። ደም የሚወስዱ ባለሙያዎች ሲመጡ ወደ ጠረጴዛው ውሰደው ይሉኝ ነበር፤ አንዲት ነርስ ግን «ካለበት አታንሡት፣ እግሩን ብቻ አውጡልኝ» አለች። ያን ቀን አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ በጀልባ ወደ ከተማ ለክትባት በመጣን ቁጥር አስቀድመን የምንናገረው ይህንኑ ነው። አባትም ደረት አለውና ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ።

መልስ — ፋርማሲስት

ለጥንቃቄ ያህል ሁለት ነገር ልጨምር። ከክትባቱ በፊት ወይም በክትባቱ ሰዓት ሕመም ይከላከላል በሚል ፓራሲታሞል መስጠትን የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አይደግፈውም፤ በኋላ ትኩሳት ቢመጣ መጠኑን በክብደቷ የሚወስነው ባለሙያ ነው። በስኳር ፋንታ ማር ማላስ ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የጣና ዳር ማር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ቦቱሊዝም የተባለውን ሰውነት የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለነርሷ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ቢጫነቱ ተመልሶ ከተረከዟ እንደገና ደም ቢፈለግስ?

ነርሷ

በመጀመሪያ ከደም ሥር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ልምድ ባለው እጅ ከሆነ ጊዜዋን ጠብቃ ለተወለደች ልጅ ከተረከዝ መወጋት ያነሰ ያማል። የግድ ከተረከዝ ከሆነ በጎንና በጎኑ እንጂ መካከሉን አይወጉም፤ መጭመቁ ራሱ ያማልና ደሙ በራሱ እስኪንጠባጠብ ይታገሡ። የታዘዙት ምርመራዎች በአንድ መውጊያ እንዲሰበሰቡም ይለምኑ። በክትባቱ ቀን ደግሞ በአፍ የሚሰጡት ጠብታዎች አስቀድመው ይሰጧት፣ ከሁለቱ መርፌዎች ይበልጥ የሚያመው ወደ መጨረሻ ይሁን፤ ልጅዎም በአልጋ ተጋድማ ሳይሆን በእቅፍዎ ሆና ትከተብ። «እያጠባኋት ውጉልኝ» ማለት መብትዎ ነው፤ ይህንንም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ መርፌው ሳይከፈት ይንገሩ።