ኖቫ ኮሌጅ አሁን ልጀምር ወይስ ዓመት እስኪሞላኝ ልጠብቅ?

ሰላም ናችሁ እህት ወንድሞቼ። በዲቪ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ነርስ መሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ምኞቴ ነው፤ አሁን ያሰብኩት ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ እኛ ኖቫ የምንለው ነው። የመንግሥት ስለሆነ ከዩኒቨርሲቲ ይረክሳል። አንዱ ካምፓስ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የነርሲንጉ ትምህርት ግን ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓስ ነው የሚሰጠው።

የቸገረኝ ክፍያው ነው። የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን ለመክፈል ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት ቨርጂኒያ መኖሬን ማስረዳት አለብኝ። አለዚያ ዋጋው በጣም ይወደዳል፤ ሌሊት መጋዘን እየሠራሁ፣ ለእናቴም እየላኩ አልችለውም። ግሪን ካርድ ስላለኝ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞልቼ ፔል ግራንት፣ ማለትም የመንግሥትን የትምህርት ድጎማ፣ መጠየቅ እችላለሁ። እሱ እንደ ብድር ተመልሶ አይከፈልም፤ ግን በዕድሜ ልክ ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ስለሆነ በቋንቋ ትምህርት ላይ እንዳልጨርሰው ፈራሁ።

አንድ ዘመዴ «ዝም ብለሽ ተመዝገቢ» ይለኛል፣ ሌላዋ «ጠብቂ» ትላለች። እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ቋንቋውን ሌላ ቦታ በነፃ ተምራችሁ ነው የገባችሁ? ነዋሪነታችሁንስ በምን አስረዳችሁ፣ በቤት ኪራይ ውል፣ በመንጃ ፈቃድ ወይስ በታክስ ወረቀት? የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቴ አዲስ አበባ ነው፤ ካሁኑ ላስልከው?