ልጆች የደረሰባቸውን በደል በሥዕልና በራፕ ሲያወጡት እስከ ምን ድረስ ነው ለሰው የሚታየው?

ባለቀለሟ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወጣቶችን ሥዕል አስተምራለሁ፣ ማስተማርም አይባል ወረቀትና ቀለም አቀርብና አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ናቸው። ሰሞኑን አንድ የ16 ዓመት ልጅ የሠራው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጁን ማታ በስለት አስፈራርተው ስልኩን ወሰዱበት፣ ሄዶ ሲያመለክት ደሞ "አንተስ በዛ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር?" ተብሎ በጥፊ ተመትቶ ተመለሰ። ሌባውን የሚስል መስሎኝ ነበር፣ ሌባው ሥዕሉ ውስጥ ጭራሽ የለም! ያለው ጠረጴዛ ነው፣ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ቡናማ ጠረጴዛ፣ ልጁ ከሥሩ ቆሟል፣ ቁመቱ ላዩ ላይ ካለው እስክሪብቶ ያንሳል። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰውዬ ፊት የለውም፣ እጅ ብቻ ነው።

አሁን ኤግዚቢሽን ልናዘጋጅ ነው። ልጁ ስሜ ተጽፎ ይሰቀል ይላል፣ እናቱ በፍጹም አለች። ሌላኛው ልጅ ደሞ ራፕ ጽፏል፣ የበደለውን ሰውዬ ስም ከነአባቱ ይጠራል። አንድ ሊደግፈን የመጣ ሰው ደሞ አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ያምራል ግን ትንሽ ተስፋ ጨምሩበት"። ፀሐይ ነገር ላስገባለት? እስቲ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ዝምታ_አድማጭ፦

እህቴ መጀመሪያ ፀሐዩን እርሺው። የልጁ ሥዕል ነው፣ ፀሐይ ከፈለገ እሱ ራሱ ያስገባዋል።

እኔ በምክር አገልግሎት ላይ ነው የምሠራው። ስለ ሥዕሉ ጠይቂው እንጂ ስለደረሰበት አትጠይቂው። "ጠረጴዛውን ለምን እንዲህ አተለቅከው" ማለትና "ያን ቀን ምን ተሰማህ" ማለት በጣም ይለያያል፣ በመጀመሪያው ልጁ የፈለገውን ያህል ብቻ ይነግርሻል፣ በሁለተኛው ግን እንደገና ጠረጴዛው ፊት አቆምሽው ማለት ነው። ደሞ አየሽ ያመመው ስልኩ አይደለም፣ አለመታመኑ ነው። ብዙ ልጆች ላይ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ወንጀሉን ይረሱትና "ውሸታም" የተባሉበትን ክፍል የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር ያስታውሱታል። እንቅልፍ ካጣ ወይ ራሱን የመጉዳት ነገር ካየሽበት ግን ለባለሙያ አሳልፊው፣ የሥዕል ክፍል ሕክምና አይደለም።

ልጅ ሲስል ተረት ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከዳርፉር ተሰደው ቻድ የገቡ ቤተሰቦችን ሊያነጋግሩ የሄዱ የሰብአዊ መብት አጥኚዎች ወላጆቹን እስኪያናግሩ ብለው ለልጆቹ ወረቀትና ከለር ሰጧቸው። ማንም ይሄን ሳሉ ሳይላቸው አውሮፕላን፣ ታጣቂ፣ የሚቃጠል ጎጆ ሳሉ። ከዛ እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ድርጅት እዛው ካምፖቹ ውስጥ የሰበሰባቸውን 500 የሚሆኑ የልጆች ሥዕሎች የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ አድርጎ ተቀብሏቸዋል። የልጅ ከለር ነው እንግዲህ።

ቢት_ሰባሪ፦

የራፑን ልጅ ለኔ ተዉልኝ። በ17 ዓመቴ እኔም እንደሱ አድርጌያለሁ፣ ስም ጠርቼ ለቀቅኩት፣ ሁለት ቀን ጀግና ሆንኩ ሦስተኛው ቀን ሰውዬው ስም አጠፋብኝ ብሎ ከሳሽ ሆኖ መጣ። የተበደልኩት እኔ፣ የምመላለሰው እኔ! ደሞ ለሚያውቅ ሰው ግጥም ፍርድ ቤት ሲገባ ግጥም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስንት ራፐር በገዛ ቨርሱ ነው የተከሰሰበት፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 ይሄንን የሚገድብ ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ካለ በቃ ሳይለቅ ጠበቃ ይጠይቅ።

ግን ስሙን አውጣና ሌላ ቃል አስገባ አትበሉት፣ ይሞታል ሥራው። እኔ በኋላ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ስሙ የሚመጣበት ቦታ ላይ ቢቱን አቆምኩት። ምንም፣ ፀጥ፣ አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። መድረክ ላይ ስሠራው ያቺ ፀጥታ ውስጥ ሰው ሁሉ የራሱን በዳይ ስም ሲሞላ ከፊቱ ታየዋለህ። ስሙ ያለበት ደብተር አሁንም እኔ ጋ አለ፣ ለማንም አላሳየውም።

እውነቱን_ልናገር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጁ በጥፊ ተመቷል እናንተ የምታወሩት ስለ ቀለም ነው። ሥዕል ማንን አስቀጣ? ጠበቃ ፈልጉለት።

ባለቀለሟ፦

ወንድሜ ልክ ነህ፣ አቤቱታውን ከእናቱ ጋር ሆነን አስገብተናል፣ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ልጁ ለአቤቱታው ሦስት መስመር ነው የተናገረው፣ ለሥዕሉ ሦስት ሳምንት ተቀምጧል።

ያቺ_ልጅ፦

እኔ ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ይሄን ግን ማለፍ አልቻልኩም። እኔ የተሰቀለው ሥዕል ባለቤት ነበርኩ። 15 ዓመቴ ነበር፣ እቤት ውስጥ የደረሰብኝን ሳልኩ፣ በር ነው፣ መቀርቀሪያው ከበሩ የሚተልቅ። ስምሽን እንጻፍ አሉኝ፣ እሺ አልኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት ማንም አላስገደደኝም። የመክፈቻው ቀን ሰዉ ሁሉ እየመጣ "አይዞሽ፣ እስቲ ንገሪን" ይለኛል። ከዛ ሥዕሉን የሪፖርት ሽፋን አደረጉት፣ ከዛ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። አሁን 24 ዓመቴ ነው፣ ሥራ ስቀጠር ስሜን ጎግል ያደረገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን በር ነው። በሥዕሉ አላፍርም፣ አሁንም ብስለው እንደዛ ነው የምስለው፣ ግን ማን መቼ እንደሚያየው መምረጥ ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ፣ አንቀጽ 13 ላይ ልጅ ሐሳቡን በኪነ ጥበብ የመግለጽ መብት አለው ይላል። ሦስት አንቀጽ ወረድ ብሎ ደሞ 16 ላይ የግል ሕይወቱ እንዲጠበቅ ይላል። የኔዎቹ 13ን ብቻ ነበር ያነበቡት መሰለኝ። የ16 ዓመት ልጅ ዛሬ እሺ ቢልሽ በ20 ዓመቱ እምቢ ማለት እንዲችል አድርገሽ ስቀይው። ስም ሳይኖር፣ ፎቶ ማንሳት ሳይፈቀድ፣ ኦርጅናሉ እሱ ጋ ሆኖ። አውርዱልኝ ካለ ምሽቱን ይውረድ፣ ለምን ተብሎ እንዳይጠየቅ።

ቢት_ሰባሪ፦

@ያቺ_ልጅ አክባሪሽ ነኝ 🙏

ባለቀለሟ፦

@ያቺ_ልጅ የጻፍሽውን ለልጁ አነበብኩለት፣ ያው አንቺ ማን እንደሆንሽ ሳልነግረው። ዝም ብሎ ቆየና "ስሜን ተዉት፣ ግን ገና አልጨረስኩም" አለኝ። ለካ የጠረጴዛው አራተኛ እግር አልተሳለም ነበር፣ እኔ እስከዛሬ አላየሁትም! ሆን ብሎ ነው ረስቶት ነው አልጠየቅኩትም። ለራፐሩ የቢቱን ነገር ነገርኩት፣ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ማታ ላይ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፣ ሦስት ቦታ ላይ ፀጥ ይላል። ተስፋ ጨምሩ ላለው ሰውዬም አንጨምርም ብዬዋለሁ፣ እስካሁን አልመለሰልኝም። የልጁ እናት ገና እሺ አላለችም፣ ቅዳሜ መጥታ ራሷ ታየዋለች።