ለሙዚቃም ለጌምም፦ ኤችዲ 600 ወይስ ዲቲ 990 ፕሮ?

ጣና ዳር፦ ሰላም። የጆሮ ማዳመጫዎቹን ሴንሃይዘር ኤችዲ 600ን እና ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮን (ባለ 250 ኦሙን፤ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ያዳመጣችሁ፣ ለማሲንቆ፣ ለክራርና ለተኩስ ጌም የቱ ይሻላል? የሚሰካው ላፕቶፕ ላይ ነው። ቤቱ ባሕር ዳር፣ ባጃጅ የሚበዛበት መንገድ ዳር።

ባለክራር፦ ለማሲንቆ ያለ ጥርጥር 600። የዘፋኙ ትንፋሽና የደጋኑ ፍትጊያ ሳይጋነን ይሰማል። 990 ግን 8 ኪሎኸርዝ አካባቢ (ቀጭኑ ድምፅ ላይ) ጎላ ስለሚል «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ፤ በኢኳላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምፅን ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ማስተካከያ) እዚያው ላይ 5 ዴሲቤል ያህል ሲቀነስ በጣም ይለዝባል። የ600 ድክመት ታች ነው፦ ጥልቁ ቤዝ ይሳሳል፣ የከበሮው ጉልበት ይቀንሳል።

ዓባይ ማዶ፦ ለጌም 990 እመርጣለሁ። ድምፁ ሰፋ ስለሚል ኮቴ ከየት እንደመጣ ቶሎ ይለያል፤ በ600 ግራና ቀኙ ግልጽ ቢሆንም ፊት ለፊቱ ይጠባል። ማይክ ሁለቱም የላቸውም። 600 ባለ 300 ኦም ስለሆነ በላፕቶፕ ብቻ ድምፁ ሊያንስ ይችላል፤ ዩኤስቢ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይር) እና አምፕ (ድምፅ ማጉያ) በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ባለክራር፦ አንድ ነገር፦ ሁለቱም ጀርባቸው ክፍት ነው። የባጃጁ ጡሩምባ ይገባል፤ እሱን ለመሸፈን ድምፅ መጨመር ደግሞ ጆሮ ይጎዳል። ቀን ቀን የሚያዳምጡ ከሆነ ዝጉን ዲቲ 770 ፕሮ ይሞክሩ፤ በሚያዝያ ሙቀት ግን ጆሮ ያልባል።