ራሴን በግራ በኩል የሚወቅረኝ ሕመም ሳይነስ ነው?

ጠያቂ (ፒያሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ራሴን በግራ በኩል ብቻ ድው ድው ያደርገኛል። ያቅለሸልሸኛል፣ የኮምፒውተሩ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፣ የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ይብስብኛል። ሥራ ቦታ ሁሉም «ሳይነስ ነው» ይሉኛል። ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ አሁን አሁን ሳልውጥ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሲቲ ስካን ልነሳ?

ፋርማሲስቷ (አራት ኪሎ)
እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ስከፍት አንዲት እናት ግንባራቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረው በር ላይ ቆመዋል። ያለቀ የክኒን ልጣጭ ዘርግተው «ይኼንኑ ስጪኝ» አሉኝ። ልቤን ነው የነካኝ፤ አንቺም የነገርሽን ያው ነው።

ሳይነስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወፍራም ንፍጥና የአፍንጫ መዘጋት፣ አንዳንዴም ትኩሳት አብሮት ይመጣል። ያንቺ ምልክት ወደ ማይግሬን፣ እየተመላለሰ ወደሚነሳው ከባድ የራስ ምታት ያደላል። ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። በሲቲ ስካን ግን አይታይም። ሐኪም የሚለየው በደንብ ጠይቆ፣ ግፊትሽን ለክቶ፣ ዓይንሽንና ነርቭሽን አይቶ ነው። ስካን የሚያዘው የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ዲክሎፌናኩ ነው። እንዲህ ያለ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሰው ሲያመው ይውጣል፣ ስለዋጠ ደግሞ ያመዋል። ጨጓራና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። እባክሽ ሳትቆዪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ካዛንቺስ
እኔም ማይግሬን አለብኝ። ሐኪሜ ያመመኝን ቀን፣ የበላሁትን፣ የተኛሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ እንድጽፍ አዘዘኝ። የሚያመኝ በጾም ቡና ሳልጠጣ በዋልኩባቸው ቀናት መሆኑ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከዚያ ሕመሙ እንዳይመላለስ የሚከላከለውን ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ጀመርኩ፤ አመመኝም አላመመኝም በየቀኑ ነው የምወስደው። ለውጡ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። አስም ካለብሽ ግን ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሮጥ ያለብኝስ መቼ ነው?

ፋርማሲስቷ
በድንገት፣ አይተሽው የማታውቂው ከባድ ሕመም ከመጣ። ትኩሳት ኖሮ አንገትሽ አልታጠፍ ካለ። እጅ ወይም እግርሽ ከዛለ፣ አፍሽ ከተሳሰረ፣ እይታሽ ከጠፋ። ጭንቅላትሽን ተመተሽ ከሆነም፣ ነፍሰ ጡር ሆነሽ አዲስ ከባድ ሕመም ከጀመረሽም እንደዚያው። ጥቁር አንበሳም ይሁን ዘውዲቱ፣ የሚቀርብሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ሌሊትም ቢሆን።