ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሌዘር ለመኪና ወንበር ያዋጣል?

የድሬ ሹፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በቪትዝ ሰው አመላልሳለሁ። የወንበሩ ጨርቅ ስላለቀ ሌዘር ላለብሰው ነው። ሰፊው ሁለት ዓይነት አሳየኝ፤ አንዱ ልሙጥ ነው፣ ሌላው ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ባለቀዳዳው ዋጋው ይወደዳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚራ አቁሜው ስመለስ ወንበሩ ምጣድ ይሆናል፣ ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ደግሞ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል፣ ታዲያ ቀዳዳው በእውነት ይረዳል ወይስ ለውበት ብቻ ነው? ቶሎ ይቀደዳል የሚሉም አሉ። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲወጣ ሲወርድ ስለሚውል እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

መርፌና ክር፦
ወንድሜ፣ እኔ የምተዳደረው ወንበር በመስፋት ነው። ይቀደዳል ያሉህ አልዋሹህም። የተበሳ ቆዳ ሲሳብ ከልሙጡ ቀድሞ ይለጠጣል፣ ቀድሞም ይሄዳል። ስለዚህ ወንበሩን በሙሉ በሱ አታልብሰው። የመቀመጫውና የጀርባው መሃል ብቻ ይበቃል። ሰው ሲገባና ሲወርድ የሚያሸው ጎኑ፣ በተለይ በሹፌሩ በር በኩል ያለው፣ ልሙጥ ይሁን። ከፋብሪካ የሚወጡትንም ብታይ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው።

ስፌቱን ደግሞ አደራ። የመርፌው ብስ በቀዳዳዎቹ መስመር ላይ ከሄደ፣ ደረሰኝ በብሱ ላይ ተቀዶ እንደሚወጣው፣ አንድ ወፍራም ሰው ሲቀመጥበት እስከ ዳር ይተረተራል። ከጀርባው ጨርቅ ተለጥፎበት ይሰፋልህ፤ ጉልበቱን የሚሸከመው ጨርቁ ነው።

ሰሚራ፦
እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ምቾቱን ወድጄዋለሁ፣ ጽዳቱ ግን ሥራ አለው። ልጄ ወተት ደፋብኝ። ልሙጥ ቢሆን በጨርቅ ጠርጌ እጨርስ ነበር፣ ይሄኛው ግን በቀዳዳው ገብቶ ስፖንጁ ውስጥ ቀረና ሽታው ስንት ቀን አንገላታኝ። የድሬን አቧራና የገረባ ፍርፋሪ አስበው። መጀመሪያ በቫኪዩም ሳበው፣ ቀጥሎ ጨርቁን አርጥበህ በደንብ ጨምቀህ ጥረግ። ውሃም ቅባትም ወንበሩ ላይ በቀጥታ እንዳታፈስ! ቅባቱ ቀዳዳውን ይደፍነውና ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ናዝሬት ጋራዥ፦
ሙቀቱን በተመለከተ ልጨምር። ፀሐይ ላይ የቆመ ሌዘር ቢበሳም ባይበሳም ይግላል። የቀዳዳው ጥቅም ከተቀመጥክ በኋላ ነው፤ ላቡ መውጫ ያገኛል። ከፋብሪካ ቀዝቃዛ የሚባሉት ወንበሮች ውስጣቸው ማራገቢያ አለ። ሳዓብ 9-5 የሚባለው መኪና ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. የመጣውም እንደዚያ ነበር። አንተ ጋ ማራገቢያ ስለሌለ ያን ያህል አትጠብቅ።

ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ፕላስቲክ ስለሆነ በራሱ አየር አያሳልፍም፣ ስለዚህ ቀዳዳው ለእሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ግን ከሥሩ ሌላ ፕላስቲክ ካለ ቀዳዳው ከንቱ ነው። ናሙናውን ወደ ብርሃን አንሳና እይ፣ ወይ አፍህን አስጠግተህ ንፋበት። ነጥብ ብቻ ታትሞበት የሚሸጥም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ወንበርህ ጎኑ ላይ ኤርባግ ካለው እዚያ ቦታ ላይ አታልብስበት። ፈንድቶ መውጫ ካጣ አይጠቅምህም።

የድሬ ሹፌር፦
እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ሄጄ ናሙናውን ወደ ብርሃን አነሣሁት፤ ምንም አያሳይም። ነጥብ ብቻ ነው! ለዚያ ነው ጭማሪ የጠየቀኝ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ሌላ ቦታ በትክክል የተበሳ አገኘሁ፣ ጥቁሩን ትቼ ነጣ ያለ ግራጫ መረጥኩ። መሃሉ በሱ፣ ጎኑ ልሙጥ። መርፌና ክር፣ ጥቅሉ ከዳር እስከ ዳር የተበሳ ነው፤ ስፌቱ ከቀዳዳው እንዴት ያመልጣል?

መርፌና ክር፦
ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ጠርዙ ላይ ከጀርባ ተጨማሪ ጨርቅ ያስገባበት፣ ክሩ ወፈር ይበል፣ ስፌቱንም ጠቅጠቅ አድርጎ ሳይሆን ራቅ ራቅ አድርጎ ይስፋው። የመርፌ ብስ በቀነሰ ቁጥር ቆዳው ይቆያል። ገና ሳይቆርጠው ንገረው፣ ከተሰፋ በኋላ መመለሻ የለውም።