ክርክር፦ ዮጋ ለመጀመር የተቀላቀለው ክፍል ይሻላል ወይስ የጀማሪ ብቻ?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ ፒያሳ፦ ሰላም ያ ጀማአ። ወገቤን ስለሚያመኝ ዮጋ ልጀምር ነው። አንድ ጂም ማታ ማታ ነባሩንም ጀማሪውንም አንድ ላይ ያሠራል፣ ዋጋውም ደህና ነው። የጀማሪ ብቻ የሚባለው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ይወደዳል። የቱ ያዋጣል?

ከሆጤ፦ ተቀላቅለሽ ጀምሪ። ሰው ከሰው አይቶ ነው የሚለምደው። በሳምንት አንዴ ሠርተሽ ምን ለውጥ ታገኛለሽ? ብርሽን ነው የምትጨርሺው። ከኋላ ቁሚና ተከተያቸው።

ከኮምቦልቻ፦ በዚህ አልስማማም ወንድሜ። የተቀላቀለው ብዙ ጊዜ ቪንያሳ የሚሉት ነው፤ ከትንፋሽ ጋር እያያያዙ ከአንዱ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው ሳይቆሙ የሚሄዱበት። ለለመደ ሰው ደስ ይላል። ጀማሪ ግን እግሯን የት እንደምታሳርፍ ገና እያሰበች ሌሎቹ ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል፣ እሷም ልድረስባቸው ብላ ጉልበቷን ቆልፋ ከወገቧ ትታጠፋለች፤ ጉዳት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኔ ከዚህ ከታች ወጥቼ ፈጣኑን ስሠራ ትንፋሽ ያጥረኛል።

እህቴ፣ ዝግ ያለውን፣ ሐታ የሚሉትን የዮጋ ዓይነት ፈልጊ። ወይም ህንዳዊው የዮጋ መምህር አየንጋር ያስፋፋውን አሠራር። እሱ ላይ ሰውነትሽ ካልደረሰ በብርድ ልብስ፣ በቀበቶ፣ በእንጨት ትደገፊያለሽ። እኛ ቤት ጋቢ አለ አይደል? አጥፈሽ ጫፉ ላይ ተቀመጪበት፤ ዳሌሽ ከፍ ሲል ጀርባሽ ቀጥ ማለት ይቀለዋል። እጅሽ እግርሽ ጋ ካልደረሰ ነጠላ በውስጥ እግርሽ አዙረሽ ሁለቱን ጫፍ ያዢ።

ከሸዋበር፦ ዋናውን ዘላችሁታል። ይሄ ነገር የሂንዱ አምልኮ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቆም ብሎ ያስብበት።

ከቧንቧ ውሃ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህን አልንቀውም። ከህንድ ሃይማኖታዊ ወግ መምጣቱ እውነት ነው። ግን ሁሉም ክፍል አንድ አይደለም። የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 አምልኮና ማንትራ (እየደጋገሙ የሚሉት የአምልኮ ቃል) ያለበትን ከልክሎ ለስፖርት ብቻ የሚሠራውን ፈቅዷል። ሳዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ስፖርት ተቀብላዋለች። ስለዚህ እህታችን ሳትመዘገብ በፊት «ዝማሬ ወይ ማንትራ አለበት?» ብላ ትጠይቅ፤ ልቧ ካላረፈ ደግሞ ሼኳን ወይም የንስሐ አባቷን ታማክር።

ለእኔ ግን ትልቁ ጉዳይ አሠልጣኙ ነው። የክፍሉ ስም አይደለም፣ ዋጋውም አይደለም። ሳትከፍይ አንድ ቀን ዳር ተቀምጠሽ እዪው። ፊት ለፊት ቆሞ የራሱን ስፖርት ይሠራል ወይስ በሰዉ መሀል እየዞረ ያያል? አዲስ ሰው ሲመጣ ዲስክ፣ ደም ግፊት፣ እርግዝና፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል? ግፊትና ግላኮማ ያለበትን ሰው ዝም ብሎ ራሱን ቁልቁል የሚያስደፋ አሠልጣኝ ጋ አትግቢ። ለማረም እጁን ከማሳረፉ በፊት ማስፈቀዱንም እዪ፤ እኛ ሴቶች ይሄን አፍረን ዝም እንላለን፣ ዝም ማለት የለብንም። ደግሞ ሕመምሽ ወደ እግርሽ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝሽ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይይሽ።

ከሆጤ፦ እሺ፣ አሠልጣኙ ላይ ልክ ነሽ። በሳምንት አንዴ የሚለው ግን አሁንም አይዋጥልኝም።

ከቧንቧ ውሃ፦ አንዴ ብቻ ማን አለ? ቅዳሜ የተማረችውን በየቀኑ ጠዋት ትንሽ ትንሽ እቤቷ ትድገመው። የደሴ ጠዋት ብርድ ስለሆነ መጀመሪያ ትሙቅ፣ ወዲያ ወዲህ ትበል። በትክክል የያዘችውን መድገም በስህተት የለመደችውን ከማረም ይቀላል።

ጠያቂዋ፦ ዳር ቁጭ ብዬ ልይ ብላቸው እሺ ይሉኛል?

ከኮምቦልቻ፦ እምቢ ካሉሽ መልስሽን አገኘሽ ማለት ነው። አብሽሪ፣ የቅዳሜውን እዪና ንገሪን።