የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ እናት የአስታማሚ ክፍያ፦ ምን ይሻላል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፒያሳ ቤታቸው የተኙት የ82 ዓመት እናታችን ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። የአስታማሚ ክፍያው ከአቅማችን በላይ ሆኗልና ምከሩን።

ሌሊትም ጭምር በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው። ሲዘለል ተረከዛቸውና መቀመጫቸው ይቀላል፤ በጣት ተጭነን ስንለቀው ቅላቱ ካልጠፋ ቁስል እየጀመረ ነው። ቁስል ከወጣ ደግሞ ፋሻውና ነርሷ ከአስታማሚ ደመወዝ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ሌሊቱን መቀነስ ቁጠባ አይደለም። ዳይፐር በቀን 4፣ በወር 120 ይሄዳል።

የነርስ ክፍያ በፈረቃ ስለሆነ የቀኑ ብቻ ጡረታቸውን ይጨርሳል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አላቸው፤ እሱ ግን በጤና ጣቢያና በሪፈር ለሚገኝ ሕክምና እንጂ ለቤት አስታማሚ አይከፍልም።

ነርስ በሳምንት 2 ቀን፣ ለቀሪው አዳሪ አስታማሚ ብንቀጥር ያዋጣል? አዳሪዋ ሌሊት ተነስታ ቀን መቼ ትተኛ? የእረፍት ቀኗንስ ማን ይሸፍን?

ሌላው ጡረታው ነው። አሁን በግራ እጃቸው የሚፈርሙት ባንክ ካለው ናሙና ጋር አይገጥምም። ለውክልና የሰነዶች ማረጋገጫ ሠራተኛ ቤት ድረስ እንዲመጣልን ምን ማስረጃ ይዘን እናመልክት? የሐኪም ወረቀትና መታወቂያቸው በእጃችን ነው። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ፣ ወር ሳይሞላ መልሱልን።